ከ«ሞተ» በኋላ ያለች ፊደል

በማኒቶባ ሜዳ፣ በዊኒፔግ ዳርቻ፣
የቆርቆሮ አዳራሽ ከነፋስ ጋር ብቻ፤
ሲግሩን ጎንበስ ብላ፣ በእጇ ይዛ መፍቻ፣
የሰማንያ ዓመት ሬሳ ትፈታለች፤
«ና እስቲ ሽማግሌው፣ ንገረኝ» ትላለች።

ምን ይንገራት እሱ? ስንቱን ይዘርዝር?
ወታደር አዝሎ ሌሊት የገባ ከጦር፣
በኋላም ዓሣ ጭኖ፣ ድንች ጭኖ፣ የመንደር
ፖስታና መጋዝ፣ የአንዲት ሙሽራ ፒያኖ ሳይቀር።

ትናንት ተነቀሉ ሁለቱም ሞተሮች፣
ዘይት የሚያንጠባጥቡ፣ ባለ ጎድን ጡረተኞች፤
ከአዳራሹ ጀርባ ጭቃ ላይ ተቀምጠው
የጥቅምት በረዶ ነጭ ቆብ ደፍቶላቸው።
በምትካቸው የመጡት ቀጫጭን ናቸው፣
ፉጨት እንጂ ሳል የማያውቃቸው።
ገላው ተቆርጦ፣ በአንድ ሜትር ተቀጥሎ፣
ከሆዱ ሥር አንቴና እንደ መቀነት ተንጠልጥሎ፣
እግሩም ለበረዶ ሰፊ ጫማ ተቀብሎ።

በዚያው ሰሞን ነው፣ የግራ ክንፉን ቆዳ
ስትገልጥ ሲግሩን፣ ከአጥንቱ ጓዳ፣
ፀሐይ ያልገባበት፣ ቀለም ካልነካው፣
የእርሳስ ጽሕፈት ያየች፣ ጊዜ ያልፋቀው፦
«ኦፓል ነኝ። ኦክላሆማ። ሌሊቱን ሙሉ መታሁ።
ይህ ምስማር ጠሟል፤ አለቃዬ ሳያይ አለፍሁ።»
ከሥሩም ዓመቱ፦ አርባ አራት።

ምስማሩን በጣቷ ዳሰሰችው። እውነትም ጠማማ ነው።
ሦስት ጊዜ ነቀነቀችው።
አልተነቃነቀም።

የሥራው ዝርዝር «ፋቁ፣ ቀቡ» ይላል፤
ብሩሿ ቃላቱ ጋ ሲደርስ ይዞራል።

ሰው «ሞተ» ይለዋል ያረጀ ብረት ሲያይ፣
ፊደል ሳይጨርስ ነው ፍርድ የሚሰጥ ከላይ።
«ሞተ» ብሎ ላቆመ፣ ነገሩ አለቀ፤
«ር»ን ለጨመረ፣ ያው ሬሳ መጠቀ።
ሲግሩን አማርኛ አታውቅም፤ ይህን አልነገርኳትም፤
በመፍቻ ዘረፈችው እንጂ ቅኔውን፣ በአፏ አላለችም።

*

ካውሱይቱክ ይሉታል፣ «ንጋት የሌለበት»፤
በሚያዝያ ግን ፀሐይ እንቢ አለች ለመግባት።
ዱገል ነው አብራሪው፤ አንድ ጉልበቱ ቲታኒየም።
«እናቶቻችን ቢያዩን» ይለዋል መሪውን፣ «አይለዩንም!»
ይስቃል ለብቻው። ከዚያ ጋዙን ገፋ፤
ነጩ መሬት ሸሸ፣ ጥላቸው ቀጠነ፣ ጠፋ።

ከኋላ ኡሉሪያክ፣ ስሟ «ኮከብ» ማለት፣
ዓይኗን ሳትነቅል ከራዳሩ መስታወት፣
በረዶውን ትገልጣለች ቅጠል በቅጠል፤
ሞገዱ ይወርዳል፣ ያነብባል፣ ይመለሳል።
ይህ የአምናው ነው። ይህ የአያቴ ልጅነት።
ይህ ጥቁሩ፣ እሳተ ገሞራ ያጨሰበት ዓመት።
እዚህ ጋ ደግሞ፣ ስስ እንደ ክር፣
በሰማንያ ክረምት ክብደት ሥር፣
«አርባ አራት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ በሹክሹክታ፤
ኦፓል በኦክላሆማ ምስማር ስትመታ
እዚህ የወረደ፣ ያለ አንዲት ኮሽታ።

ሁለት እኩያሞች፤ አንዱ በሰማይ፣ አንዱ በጥልቀት፤
አንዱ ያልተለወጠ ብልት የለው፣ አንዱ እንደተኛ ከወደቀበት።
ሰላምታ አልተለዋወጡም።
በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተላለፉ።

ከጠርዙ ሲደርሱ ኡሉሪያክ ቁጥሩን ጻፈች፤
ከአምናው ጋር አስተያየች፣ ደግማ ጻፈች።
ሁለት ክንድ ሳስቷል። እርሳሷን አስቀመጠች።
በዚህ ላይ የምጨምረው ፊደል የለኝም።

ዱገል አንገቱን አዞረ፦ «ግራ ክንፉ ውስጥ አንዳች ያንሾካሹካል።»
ሲግሩን፣ ዓይኗን ሳትከፍት፣ ከኋላ ወንበር፦
«ምስማር ነው። ጠሟል። ይዟል።»